እንቅልፍ የሚጀምረው ጠዋት ነው

በአገራችን ባህል ሰው ከሰው ጋር ጠዋት ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው ስለ ሌሊቱ ነው። «እንዴት አደርክ? እንዴት አደርሽ?» እንባባላለን። ድሮ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ነበር። እዚህ ካኩማ ግን ውኃ ሰልፍ ላይም ሆነ ራሽን ስንጠብቅ የምንሰማው መልስ እየተለወጠ መጥቷል። «አይ፣ ምን እንቅልፍ አለ ብለህ ነው!» የሚለው በዝቷል።

እኔ መምህር ነኝ። የእንቅልፍን ነገር በየቀኑ የማየው ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሜ ነው። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ ግንባሩን ዴስክ ላይ የሚደፋው ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ሰነፍ አይደለም፤ ሌሊቱን ያልተኛ ልጅ ነው። ወላጆቹን ጠርተን ስናነጋግር ደግሞ እነርሱም አልተኙም። ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። እንቅልፍ እንቢ ያላቸው አንዳንድ ወገኖቻችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በፍሬ የሚሸጥ ኪኒን ከሱቅ እየገዙ መዋጥ ልማድ አድርገውታል። በአረቄ የሚያወራርደውም አለ። ይህ ነገር ሰው ሊገድል ይችላል። ዝም ብሎ ማለፍ አልተቻለኝምና ነው ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት።

የጽሑፌ መልእክት በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነገር ይችላል። እንቅልፍ ማታ ስንጋደም ከየት መጣ ሳይባል የሚመጣ እንግዳ ይመስለናል፤ ነገር ግን የሚዘጋጀው ቀን ነው፣ የሚጀምረውም ጠዋት ከመኝታችን በተነሳንበት ሰዓት ነው። ለዚህ ዝግጅት የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር ደግሞ በነጻ የሚገኝ ነው።

ሁለቱ ሠራተኞች

እንቅልፋችንን የሚያዘጋጁ ሁለት ሠራተኞች በሰውነታችን ውስጥ አሉ እንበል።

የመጀመሪያው የእንቅልፍ ረሃብ ነው። ከነቃንበት ደቂቃ ጀምሮ አእምሮአችን ሲሠራ አዴኖሲን የሚባል ቅመም በውስጡ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ነቅተን በቆየን ቁጥር እየበዛ ይመጣና ዓይናችንን ይከድነዋል። ስንተኛ ደግሞ ይጠረጋል። ነገሩ ልክ እንደ ምግብ ነው። ዘግይቶ ጥግብ ብሎ መክሰስ የበላ ሰው እራት አላሰኘኝም እንደሚለው ሁሉ፣ ቀን ጥግብ ብሎ የተኛ ሰውም ማታ እንቅልፍ አይርበውም።

ሁለተኛው ሠራተኛ ሰዓት ነው። በአእምሮአችን ሥር፣ የሁለቱ ዓይኖቻችን ነርቮች ከሚሻገሩበት ቦታ ከፍ ብሎ፣ 20 ሺህ ያህል ሴሎች ያሉት ትንሽ ክፍል አለ። ሰውነታችን መቼ እንደሚነቃና መቼ እንደሚያርፍ የሚቆጥረው ይህ ክፍል ነው። ሴሎች ጊዜን እንዴት እንደሚቆጥሩ በፍራፍሬ ዝንቦች ላይ ያጠኑት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ የተባሉ አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ተሸልመውበታል።

ይህ ሰዓት ትእዛዙን የሚያስተላልፈው በከፊል በሆርሞኖች አማካይነት ነው። ሆርሞን ማለት ከዕጢ ወደ ደም የሚለቀቅ መልእክተኛ ነው። ለእንቅልፍ ሁለቱን ማወቅ ይበቃናል። አንዱ ሜላቶኒን ይባላል። አሜሪካዊው ሐኪም አሮን ለርነር ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1958 ነጥሎ ያወጣው ሲሆን፣ ሲመሽ በአእምሮአችን መካከል ካለች ትንሽ ዕጢ ይለቀቃል። ብርሃን ሲያይ ይቆማል። ሌላው ኮርቲሶል ነው። ከኩላሊቶቻችን በላይ ካሉት ዕጢዎች የሚመነጭ ሲሆን፣ ሊነጋ ሲል ከፍ ማለት ይጀምርና ከነቃን በኋላ ከግማሽ ሰዓት እስከ 45 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጫፍ ይደርሳል። በትምህርት ቤት ቋንቋ እንናገር ካልን፣ ኮርቲሶል የመግቢያ ደወል፣ ሜላቶኒን የመውጫ ደወል ነው። የመግቢያው ደወል በሰዓቱ ከተደወለ የመውጫውም በሰዓቱ ይደወላል። ጠዋት የተምታታ ደወል ማታም ይምታታል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የሐርቫርድ ተመራማሪዎች ሲለኩት ይህ የውስጥ ሰዓት በአማካይ አንዱን ዙር የሚጨርሰው በ24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ገደማ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ በየቀኑ ካልተስተካከለ ወደ ኋላ ይቀራል ማለት ነው። አስተካካዩ ማነው? በዋነኛነት በዓይናችን የሚገባው የጠዋት ብርሃን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እኛ ኢትዮጵያውያን ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ነው። አንድ ሰዓት የምንለው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። የስዋሂሊ ተናጋሪዎች ጎረቤቶቻችንም እንደዚሁ ይቆጥራሉ። የሰውነታችንም ሰዓት እንደ እኛው ከንጋት ነው የሚነሳው።

ቀኑ ጠርዝ ሲያጣ

ታዲያ በካምፕ ውስጥ ይህ ሰዓት ለምን ይዛባል? ካኩማ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተቋቋመ ጀምሮ ብዙ ሰው ብዙ ምክንያት ሲሰጥ ኖሯል። ሙቀቱ፣ የጄኔሬተሩ ድምፅ፣ ጊንጡ፣ የኬዝ ሐሳብ፣ በአገር ቤት የቀሩ ሰዎች ናፍቆት፣ በመንገድ ላይ የታየው ነገር ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የማይጠቀስ አንድ ምክንያት አለ። እሱም የካምፕ ቀን ጠርዝ የሌለው መሆኑ ነው።

በአገራችን ገበሬው ከብቱን ያወጣል፣ ነጋዴው ሱቁን ይከፍታል፣ የቢሮ ሠራተኛው ፊርማ አለበት። ሁሉም የሚነሳበት ምክንያት አለው። እዚህ ግን ሥራ ያላገኘ ሰው ለምን ብሎ በ12 ሰዓት ይነሳል? እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ይተኛል። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ቆርቆሮው ሲግል ሌላ ሥራ ስለማይቻል ተመልሶ ጋደም ይላል፤ እስከ 10 ሰዓት ያሸልባል። ማታ ሲቀዘቅዝ ይነቃቃል፣ ቡና ይጠጣል፣ ፊልም ያያል። ከዚያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ፍራሹ ላይ ሆኖ ጣራ ይቆጥራል። «እንቅልፍ አጣሁ» ይላል። አልዋሸም። ግን ቢደመር እኮ ተኝቷል፤ በማይሆን ሰዓት በቁርጥራጭ ነው እንጂ።

ይህን ስል ጥፋቱ የራሱ ነው ማለቴ አይደለም። የሚጠብቀው ሥራ የሌለው፣ ዓመታት የተሰለፈበት ወረቀት ያልመጣለት ሰው ላይ ማንም ጣቱን መቀሰር የለበትም። ለማለት የፈለግሁት፣ ኬዛችንን ማፋጠን ባንችልም የቀናችንን ጠርዝ ግን እኛው መልሰን ልናበጅለት እንችላለን ነው።

ጠዋት ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የመነሻ ሰዓት እንቁረጥ። ሌሊቱ እንዴትም ይለፍ፣ እሑድም ይሁን ሰኞ፣ በአንድ ሰዓት እንነሳ። የመኝታ ሰዓትን በግድ ማዘዝ አይቻልም፤ የመነሻ ሰዓትን ግን ይቻላል። ለኪዳን ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ፣ ለሱብሂ ሶላት የሚነሳ ሰው ሰዓቱን ቀድሞውኑ አግኝቷል። ከዚያ በኋላ ተመልሶ ለረጅም ሰዓት ባለመተኛት ይጠብቀው።

ሁለተኛ፣ በተነሳን በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ውጭ እንውጣ። ከምድር ወገብ አጠገብ ስለምንኖር እዚህ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ግድም ትወጣለች። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውጭ መቀመጥ፣ መራመድ ወይም ግቢ መጥረግ ይበቃል። ፀሐይን አፍጥጦ ማየት አያስፈልግም፣ ዓይንንም ይጎዳል። ደመና ቢሆን እንኳ የውጭው ብርሃን በጭቃ ቤታችን ውስጥ ካለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጥላ ሥር መቀመጥም ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ከሙቀቱ በፊት ሰውነትን ማንቀሳቀስ። ውኃ መቅዳትም፣ ኳስ መጫወትም፣ የአትክልት መደብ መኮትኮትም ሥራ ነው። የደከመ ሰውነት ማታ ይከፍላል።

ቀን ስለ መተኛት ደግሞ፣ ሙቀቱ ሲከብድ ማረፍ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይሁን፤ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊትም ይለቅ። ከዚያ በኋላ የተተኛ እንቅልፍ ከማታው የተበደርነው ነው። ሌሊት በፈረቃ ጥበቃ የሚሠሩ፣ ሕፃን የሚያጠቡ እናቶችና የታመሙ ሰዎች ግን በዚህ ደንብ አይገደዱ፤ ባገኙት ሰዓት ይተኙ።

ቡና፣ ጫትና መጠጥ

የቡና ነገር ሲነሳ ብዙዎች እንደምትቆጡኝ አውቃለሁ። ቡና የእኛ ነው፤ ጎረቤት የሚጠራራበት፣ ሐዘንተኛ የሚጽናናበት ነው። አትጠጡ አልልም። ግን ሥራውን እንወቅ። በቡናና በሻይ ውስጥ ያለው ካፌይን አዴኖሲን የሚቀመጥበትን ወንበር ቀድሞ ይይዝበታል። የእንቅልፍ ረሃቡ አልጠፋም፤ አልተሰማንም እንጂ። ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነታችን ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ በነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ ከዚያ በላይ ይቆያል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን የጨረስነው ቡና ግማሹ በ5 ሰዓት ገና በደማችን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት 400 ሚሊግራም ካፌይን የወሰዱ ሰዎች ከ1 ሰዓት በላይ እንቅልፍ አጥተዋል። ስለዚህ ጀበናው ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ይጣድ። ማታ ሲሆን ፈንዲሻው፣ ዕጣኑና ጨዋታው ይቀጥል፤ በስኒው ውስጥ ግን ሻይ ቅጠል የሌለው የዝንጅብል ወይም የቀረፋ ውኃ ይሁን።

ጫትን በተመለከተ፣ በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ተለይቶ የታወቀ ሲሆን አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር ይመሳሰላል። እንቅልፍን በቀጥታ ያባርራል። ከምርቃናው ለመውረድ ደግሞ ጨብሲ ይባልና መጠጥ ይከተላል። መጠጥ ፈጥኖ ያስተኛል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ እንቅልፉን ይቆራርጠዋል፣ ለሽንት ያስነሳል፣ ማንኮራፋትንም ያብሳል። ሰውየው 8 ሰዓት ተኝቶ እንዳልተኛ ሆኖ ይነሳል። በማግሥቱ ለመንቃት እንደገና ጫት ይፈልጋል። ይህን ሽክርክሪት ማቋረጥ የሚቻለው በመነሻ ሰዓቱ በኩል ሲጀመር ነው። አንድ ጊዜ ባይሆን እንኳ መቃሚያውን ሰዓት ወደ ፊት እያመጡ መቀነስ ይቻላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ነውና። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው ግን መጠጡን በአንድ ቀን ቢያቆም ሊንቀጠቀጥና ሊታመም ስለሚችል የጤና ባለሙያ ያማክር።

ማታ ምን እናድርግ?

ሰውነታችን ለመተኛት የውስጥ ሙቀቱን ዝቅ ማድረግ አለበት። እናቶቻችን ከመንገድ የመጣን እንግዳ እግሩን በለብታ ውኃ ያጥቡ የነበረው ለክብር ነው፤ ለእንቅልፍም እንደሚበጅ ግን ሳይንስ ደርሶበታል። እ.ኤ.አ. በ1999 በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ በእጅና በእግር ቆዳ ላይ ያሉት የደም ሥሮች ሲሰፉ ሙቀት ከውስጥ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሰውም ቶሎ ይተኛል። ስለዚህ ከመኝታ በፊት እግርን መታጠብ ጥሩ ልማድ ነው። በሚያቃጥለው ወራት ደግሞ የረጠበ ሻሽ ደረት ላይ ማድረግ፣ ሲመሽ መስኮትና በር ከፍቶ ቤቱን ማናፈስ ይረዳል። ውጭ የሚተኛ ሰው አጎበሩን አይርሳ፤ ወባ አለና።

የስልክ ነገር ሁለት ጣጣ አለው። አንዱ ብርሃኑ ሜላቶኒንን ማዘግየቱ ነው። ሁለተኛውና የሚብሰው የሚያመጣው ወሬ ነው። ሚኒሶታ ያለ ዘመዳችን ከሥራ ወጥቶ በእነርሱ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ሲደውል፣ እዚህ ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ነው። እርሱ ናፍቆን ነው፤ እኛ ግን ሌሊታችን ተሰበረ። ይህን ለዘመዶቻችን ንገሯቸው። በእነርሱ ጠዋት ሲደውሉ በእኛ ከሰዓት በኋላ ይሆናል፤ ለሁላችንም ይመቻል። ማታ ስልኩ ድምፁ ጠፍቶ ከፍራሽ ራቅ ብሎ ይደር።

ሐሳብ ደግሞ ሌላው ጠላት ነው። ሲጨልም የኬዝ ጥያቄ፣ የራሽን ጉዳይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ሁሉም ይሰለፋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከመኝታ በፊት 5 ደቂቃ ወስደው ነገና ከነገ ወዲያ የሚሠሩትን በወረቀት የጻፉ ሰዎች፣ የሠሩትን ከጻፉት ይልቅ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው ተኝተዋል። አንድ ደብተር ይበቃል። መጻፍ የማይችል ለልጁ ይንገረውና ልጁ ይጻፍለት። ከዚያ በኋላ እስከ 4 እየቆጠሩ አየር ማስገባት፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ማስወጣት፣ ወይም በለመዱት ጸሎትና ዱዓ ልብን ማሳረፍ መልካም ነው።

ተጋድመን ግማሽ ሰዓት የሚሆን እንቅልፍ እንቢ ካለንስ? ተነስተን በርጩማ ላይ እንቀመጥ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሪቻርድ ቡትዚን እ.ኤ.አ. በ1972 ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ፍራሽ ላይ ተኝቶ መጨነቅ ከተለመደ ሰውነት ፍራሹን የጭንቀት ቦታ አድርጎ ይማረዋል። እኛ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው የምንኖረው፣ ፍራሹም ሶፋ ነው፣ ጠረጴዛም ነው። ቢሆንም ቀን ፍራሹን ጠቅልሎ ግድግዳ ላይ ማስደገፍ፣ ማታ ብቻ መዘርጋት ይቻላል። ሌሊት ከግቢ መውጣት አደጋ ስላለው እዚያው ክፍሉ ውስጥ፣ መብራት ሳናበዛ፣ እንቅልፍ እስኪያዳፋን እንቀመጥ። በሦስትና በአራት ቀን ለውጥ አትጠብቁ፤ ሁለትና ሦስት ሳምንት ስጡት።

ስለ ኪኒን

አሁን ወደ ፈራሁት ጉዳይ ልምጣ። ዳያዜፓም፣ ብዙዎቻችሁ ቫሊየም የምትሉት፣ ሐኪም ለተወሰነ ጊዜ ሊያዝዘው የሚችል መድኃኒት ነው። በየቀኑ ለሳምንታት ሲወሰድ ግን ሰውነት ይለምደዋል። የመጀመሪያው መጠን አይበቃም፣ ይጨመራል። ከአልኮል ወይም ከጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ጋር ከተወሰደ አተነፋፈስን እስከማቆም ሊደርስ ይችላል። ለብዙ ጊዜ ሲወስድ የቆየ ሰው ደግሞ በአንድ ቀን ቢያቋርጠው የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊመጣበት ይችላል። ስለዚህ የጀመራችሁ ካላችሁ በድንገት አታቁሙ፤ ወደ ክሊኒክ ሄዳችሁ በባለሙያ ምክር ቀስ እያላችሁ ቀንሱ። ለአለርጂ የሚሰጠውን ፒሪቶን ለእንቅልፍ የሚውጡም አሉ። እሱም በማግሥቱ ያፈዝዛል፣ አፍ ያደርቃል፤ ለሕፃን ሌሊት እንዲተኛ ብሎ መስጠት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም።

ከአሜሪካ በዘመድ የሚላከው የሜላቶኒን ኪኒንስ? ሜላቶኒን ሰዓት ነጋሪ ነው እንጂ ጎትቶ የሚያስተኛ አይደለም። የውስጥ ሰዓቱ ለተዛባ ሰው በሐኪም ምክር ሊጠቅም ይችላል። ነገር ግን በብዙ ቦታ እንደ ቫይታሚን የሚሸጥ ስለሆነ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውና በውስጡ ያለው ላይገናኝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በካናዳ 31 ዓይነት ምርቶች ሲመረመሩ መጠኑ ከተጻፈው በ83 በመቶ ካነሰው አንስቶ በ478 በመቶ እስከበለጠው ድረስ ተገኝቷል። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ2016 ለቆየ የእንቅልፍ ማጣት መጀመሪያ ሊሰጥ የሚገባው ሕክምና ከኪኒን በፊት ልማድንና አስተሳሰብን የማስተካከል ሕክምና መሆኑን አሳውቋል። ከላይ የዘረዘርኳቸው አብዛኞቹ ከዚያ ሕክምና ጋር የሚሄዱ ናቸው።

ቅዠትና ዱካክ

«ዱካክ ተጫነኝ» ሲባል ሰምታችኋል። ሰውየው ነቅቷል፣ ያያል፣ ይሰማል፤ ግን እጁን ማንቀሳቀስ አይችልም፣ ደረቱ ላይ አንድ ነገር የተቀመጠ ይመስለዋል። አስፈሪ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን አይጎዳም። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል ሰውነታችን በሕልሙ ተነስቶ እንዳይሮጥ ጡንቻዎቻችን ይታሰራሉ። አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና እስሩ ገና ሳይፈታ ይቀራል። በጥቂት ሰኮንዶች ወይም ደቂቃዎች ይለቃል። እንቅልፍ ያጠረው፣ ሰዓቱ የተዛባበትና በጀርባው የሚተኛ ሰው ላይ ይበዛል።

የጦርነት፣ የእስርና የመንገድ ቅዠት ግን ከዚህ ይለያል። አንድ ሕልም እየደጋገመ ለሚያሠቃየው ሰው የሚረዳ ዘዴ አለ። ቀን ሲሆን፣ ሰላም በሆነ ሰዓት፣ ሕልሙን ያስታውስና መጨረሻውን እርሱ እንደፈለገ ይለውጠዋል። የሚያሳድደው ሰው ይሳሳተዋል፤ በሩ ይከፈታል፤ እናቱ ትደርስለታለች። ከዚያ አዲሱን ሕልም በየቀኑ ለ10 ደቂቃ ያህል በሐሳቡ ይለማመደዋል። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት ጥቃት በደረሰባቸው ሴቶች ላይ ተሞክሮ ቅዠትን ቀንሷል። ትዝታው ከባድ ከሆነ ግን ብቻችሁን አትጀምሩት፤ ከምክር አገልግሎት ሠራተኛ ጋር ይሁን።

ሆርሞን ራሱ ሲታመም

አንዳንዴ ጠዋት መነሳትም፣ እግር መታጠብም አይበቃም፤ ሌላ ሕመም አለና። የወር አበባቸው ሊቆም የተቃረበ እናቶች ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉት ሆርሞኖች ስለሚቀንሱ ሌሊት በላብ ተጠምቀው ይነቃሉ። ማረጥ በሽታ አይደለም፣ ሐፍረትም አይደለም፤ ግን እርዳታ ያለው ነገር ነው። ልብ የሚመታበት፣ እጅ የሚንቀጠቀጥበት፣ እየበላ የሚከሳና ሙቀት የማይችል ሰው ደግሞ የታይሮይድ ዕጢው ከልክ በላይ እየሠራ ሊሆን ይችላል። ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት የሚነሳና ቀን ውኃ የማይጠግብ ሰው ስኳሩን ይመርመር። ማታ ማታ እግሩ አላስቀምጥ የሚለው፣ ካላንቀሳቀሰው የማያርፈው ሰው ብዙ ጊዜ ብረት ያነሰው ነው፤ በተለይ ነፍሰ ጡሮች። እነዚህ ምስርና ባቄላ ከበሉ ሻዩን ወዲያው አያስከትሉ፤ ሻይ ብረት ከምግብ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳልና ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። ጮክ ብሎ እያንኮራፋ መሐል ላይ ትንፋሹ የሚቆም ሰውም መታየት አለበት። በሳምንት 3 ሌሊት እንቅልፍ እያጣ 3 ወር የሞላው፣ ወይም «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ሐሳብ የመጣበት ሰው ደግሞ ይህን ጽሑፍ አንብቦ አይጨርስ፤ ዛሬውኑ ለሰው ይናገርና ወደ ክሊኒክ ይሂድ።

ረሃብና እንቅልፍም ይያያዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ 12 ጤነኛ ወጣቶች ለሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ በአልጋ ላይ እንዲቆዩ ሲደረግ፣ ለረጅም ሰዓት ከተኙበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር የሚያስርበው ሆርሞን ግሬሊን በ28 በመቶ ጨመረ፤ ጥጋብን የሚነግረው ሌፕቲን ደግሞ በ18 በመቶ ቀነሰ። ራሽን ባነሰበት ቤት እንቅልፍ ማጣት ረሃቡን ያብሰዋል ማለት ነው። በባዶ ሆድም እንቅልፍ አይወስድም። ስለዚህ ካለችው ላይ ጥቂት ገንፎ ወይም ቂጣ ለማታ ማቆየት ብልሃት ነው።

ስለ ተማሪዎች ለወላጆች

ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለው ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ አዋቂ ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት። የጎረምሳ ሰዓት በተፈጥሮው ወደ ኋላ ስለሚዘገይ ማታ ቶሎ አይተኛም፤ ይህ እልከኝነት አይደለም። ለኬ.ሲ.ኤስ.ኢ. የምትዘጋጁ ልጆቼ ደግሞ ስሙኝ። ቀን የተማራችሁት የሚጻፈው ስትተኙ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በባትሪ ብርሃን ያነበበ ተማሪ ደብተሩን ሞልቶ እስክሪብቶው ቀለም የሌለው ሰው ይመስላል። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንብቡ፣ ተኙ፣ ንጋት ላይ ቀጥሉ።

አንድ ሐሳብ ለየብሎኩ

እስካሁን ያልኩት እያንዳንዳችን ብቻችንን የምንሠራውን ነው። ግን ጎረቤት ሌሊቱን ሙሉ ሙዚቃ ከከፈተ የእኔ እግር መታጠብ ምን ይሠራል? በመሆኑም ለየብሎኩ መሪዎችና ለማኅበራችን ሽማግሌዎች አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ቪዲዮ ቤቱም፣ መጠጥ ቤቱም፣ ጄኔሬተሩም ድምፁን እንዲቀንስ እንነጋገር። በግድ ሳይሆን በስምምነት። ባለ ሱቆቹም ያለ ሐኪም ወረቀት የእንቅልፍ ኪኒን እንዳይሸጡ እንለምናቸው፤ የእነርሱም ልጆች እኮ እዚሁ ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለዋል አባቶቻችን።

ነገ ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ሞክሩ። ሌሊቱ እንዴትም ይለፍ፣ በቆረጣችሁት ሰዓት ተነሱና ውጭ ወጥታችሁ ጎረቤታችሁን «እንዴት አደራችሁ?» በሉ። በሰላም እደሩ።